ተከላካዩና ደመወዝ ከፋዩ

በ1928 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር አራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ያደጉ ወጣቶች የኳስ ቡድን መሠረቱ። ከምሥረታው ጋር ስማቸው አብሮ የሚነሣው አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ ናቸው። ክለቡ ስሙን ከደብሩ ወስዶ ቅዱስ ጊዮርጊስ ተባለ። አምስት ወር እንኳ ሳይሞላው ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። ከዓባይ ማዶ፣ በቢቸና አገር፣ የኳስ ነገር የማንም ሐሳብ አልነበረም፤ በላይ ዘለቀ ሰው እያሰባሰበ፣ ጠመንጃ እየማረከ፣ የአምስቱን ዓመት አርበኝነት የተዋጋበት አገር ነው።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያነሣሁት ጎጃም በኳስ ዘገየ ብዬ ለመውቀስ አይደለም። ይህ ትረካ የሚከተለው ሰው በጋዜጣ የፊት ገጽ የማይወጣ ነው፤ በታችኛው ሊግ የሚጫወት ተከላካይ። ከምሥራቅ ጎጃሞቹ ቢቸና ወይም ሞጣ ተነሥቶ ኳስን እንጀራው ሊያደርግ የሚፈልግ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው እዚያ ነው። የዚህ ሰው ዕድል የተወሰነው በእግሩ ብቻ አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የኢትዮጵያን ኳስ የመራው ጥያቄ ደመወዙን ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ታሪኩን ከዚህ ጥያቄ ጋር ካላነበቡት ትርጉም አይሰጥም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1936፣ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያው ሻምፒዮና ተካሄደ። የተወዳደሩት አምስት ናቸው፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰዱት እንግሊዞቹ ነበሩ። ዝርዝሩን ልብ ላለው ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከጊዮርጊስ በቀር እያንዳንዱ ቡድን ከጀርባው ማኅበረሰብ፣ ነጋዴ ወይም ጦር ነበረው። በማግስቱ ዓመት በላይ ዘለቀ አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ቢቸናና ሞጣ ከዋና ከተማው ጋር የነበራቸው ግንኙነት በዚያን ጊዜ ከግብርና ከአቤቱታ ብዙም አይዘልም ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ደመወዝ ከፋይ ጦር ሠራዊቱ ነው። ቡድኑ መቻል በ1940ዎቹ ዋንጫ ደጋግሞ ሲወስድ ለአገር ቤት ልጅ አዲስ በር ተከፈተ። ወታደር ከየትም ይቀጠራል፤ ቀለብና ደመወዝ አለው፤ ኳስ ከቻለ ደግሞ ልምምድ ሥራው ይሆናል። ከየአውራጃው የመጡ ቁመታም ልጆች ወደ ኋላ መስመር መመደባቸው አይገርምም። የዚያ ዘመን አሠልጣኝ ከኋላ የሚፈልገው ጉልበትና ዝላይ ነበር፤ ኳስን ከኋላ መሥርቶ መጫወት የሚባለው ነገር በኋላ የመጣ ፈሊጥ ነው። ባክ የሚባለው ተከላካይ የሚሠራው አንድ ነገር ነበር፤ የመጣውን ኳስ ወደ መጣበት መልሶ መላክ።

የብሔራዊ ቡድኑ ተከላካዮች በአህጉር ደረጃ የመጀመሪያ ፈተናቸውን ያዩት ካርቱም ላይ ነው። በ1949 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ፖሊሲዋ ከውድድሩ ስለተወገደች ኢትዮጵያ ያለ ግማሽ ፍጻሜ በቀጥታ ለዋንጫ አለፈች። የካቲት 9 ቀን በተደረገው ጨዋታ ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈች፤ አራቱንም ያስቆጠረው አድ ዲባ በሚል ስም የሚታወቀው አንድ ሰው ነው። የአህጉሩ የኳስ መዝገብ ስሙን እስከ ዛሬ ይዞታል። በዚያን ቀን እሱን ሲከተሉ የዋሉትን የኢትዮጵያ ባኮች ስም የሚጠራ ግን የለም።

አምስት ዓመት አለፈና ሁሉም ተገለበጠ። ጥር 13 ቀን 1954 አዲስ አበባ ላይ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት፣ ኢትዮጵያና ግብፅ እንደገና ለዋንጫ ተገናኙ። ስለዚህ ጨዋታ ሲወራ የሚነሡት መንግሥቱ ወርቁ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎና ወንድሙ ኢታሎ ናቸው። ይገባቸዋል። ነገር ግን ጨዋታውን ከኋላ ሆኖ ያየው ሰው ሌላ ታሪክ ያነባል። ባዳዊ በ35ኛው ደቂቃ ግብፅን መሪ አደረገ። ኢትዮጵያ እስከ 74ኛው ደቂቃ ስትታገል ቆይታ በተክሌ ኪዳኔ ጎል አቻ ሆነች፤ ስታዲየሙ ገና እልል እያለ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ፣ ባዳዊ ደገመ። ለተከላካይ ከዚህ የከፋ ቅጽበት የለም። ጎል ከገባ በኋላ ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ልብ መበተኑን የትኛውም አሠልጣኝ ያስጠነቅቃል፤ የትኛውም ቡድን ግን ሳይደርስበት አይቀርም። ሊያልቅ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው ሉቺያኖ አቻ አደረገ፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ በ101ኛው፣ መንግሥቱ በ117ኛው ደቂቃ ጨመሩ። 4 ለ 2።

አሁን ደቂቃዎቹን እንቁጠር። ባዳዊ ሁለተኛውን ካገባበት ከ75ኛው ደቂቃ እስከ 120ኛው ድረስ ለዋንጫ ባለቤትነት ይጠበቁ የነበሩት ግብፆች አንድም ጎል አላስቆጠሩም። አንድ ሙሉ አጋማሽ ማለት ነው፤ ያውም በደከመ እግር፣ ከባሕር ጠለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ። በረኛው ጊላሚካኤል ተክለማርያም፣ ከፊቱም ክፍሎም አርአያ፣ አስመላሽ በርሄና አዋድ መሐመድ ነበሩ። የአንድ አገር ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ የተገኘው አጥቂዎቹ በጨመሩትና እነዚህ ሰዎች ባስቀሩት ጎል ነው።

ዋንጫው በተወሰደበት ዘመን ኳስ ከማኅበረሰብና ከጦር ወጥቶ ወደ ፋብሪካ ገባ። የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን በ1950ዎቹ ደጋግሞ ሻምፒዮን ሆነ። ቴሌኮሙኒኬሽን በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተከተለ። ተጫዋቹ በደመወዝ መዝገብ ላይ ሠራተኛ ነው፤ ጠዋት ማሽኑ ወይም መጋዘኑ ጋ ይታያል፣ ከሰዓት ሜዳ ላይ። እርጅና ሲመጣ ደግሞ ሥራው ይቀጥላል፤ ጡረታም አለ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ የመጣው የፕሮፌሽናልነት ዘመን ለታችኛው ሊግ ተጫዋች ከዚህ የተሻለ ዋስትና ሰጥቶታል ብዬ አላምንም።

ጎጃም ከዚህ ድርሻው አንድ ቦታ ነበር፤ በ1953 ሥራ የጀመረው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራ። ምሥራቅ ጎጃም ግን የእርሻ አገር ነው። የቢቸና ዙሪያ ዋልካ አፈር ነው፤ ጤፉን የሚያሳምረው ይኸው ጥቁር መሬት ነው። ክረምት ላይ ይጣበቃል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። በዚህ መሬት ላይ ኳስ የተጫወተ ሰው ቁርጭምጭሚት ማለት ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ሞጣ ደግሞ በሌላኛው የመንገዱ ጫፍ፣ ከደብረ ወርቅ አልፎ፣ በአዴት በኩል ወደ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። ሁለቱም ትምህርት ቤት አላቸው፤ ልጅ አላቸው፤ ሜዳም አይጠፋም። የሌላቸው ነገር ሃያ አምስት ተጫዋች ቀጥሮ ዓመቱን ሙሉ ሊቀልብ የሚችል ፋብሪካ፣ ባንክ ወይም ጦር ሰፈር ነው።

ደርግ ሲመጣ ይህ ሥርዓት ይበልጥ ጠነከረ እንጂ አልተለወጠም። ክለብ ከመሥሪያ ቤት ጋር የተጣበቀ ነገር ሆነ። መብራት ኃይል፣ ምድር ጦር፣ ኦሜድላ፣ ሙገር፣ ባንኮች፤ ስሞቹ ራሳቸው የቀጣሪ ስሞች ናቸው። ከቡና ሠራተኞች የወጣው ቡና ገበያ በ1968 ተመሠረተ። ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 ጀምሮ የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን በፕሬዚዳንትነት እየመሩ በ1979 እስካረፉ ድረስ ቆዩ፤ አገሪቱ በአህጉሩ ጽሕፈት ቤት ትልቅ ነበረች፣ በሜዳው ግን እያነሰች ሄደች። በ1974 ሊቢያ ላይ የአፍሪካ ዋንጫ ከተጫወተች በኋላ ለ31 ዓመት አልተመለሰችም።

በ1990 ፕሪሚየር ሊጉ ሲጀመር ነገሩ ዛሬ የምናውቀውን መልክ ያዘ። ከላይ ፕሪሚየር ሊግ፣ ከሥሩ ብሔራዊ ሊግ፣ ከዚያ በታች የክልል ውድድሮች። በ2008 ከፕሪሚየር ሊጉ ሥር ከፍተኛ ሊግ ገባና መሰላሉ አንድ እርከን ጨመረ። ከሞጣ የሚነሣ ልጅ መንገዱ ይህን ይመስላል፤ ትምህርት ቤት፣ ወረዳ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ዞን፣ ክልል። ከዚያ የክልሉ ሊግ፣ ከዚያ ከከፍተኛ ሊግ ሥር ያለው አንደኛ ሊግ፣ ከዚያ ከፍተኛ ሊግ። ፕሪሚየር ሊግ የሚባለው ገና ከዚያ በላይ ነው። አጥቂ ከሆነ አንድ ደረጃ የሚዘልበት ዕድል አለው። አሥራ አምስት ጎል ያገባ ልጅ ቁጥሩ በስልክ ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ይደርሳል፤ ደላላውም ይደውላል። አሥራ አምስት ጨዋታ ጎል ያልገባበት ተከላካይ ቁጥሩ የበረኛው፣ የአማካዩና የተቃራኒው አጥቂ ስንፍና ጭምር ነው። ስለዚህ ሰው መጥቶ ዓይቶት መሄድ አለበት። ቢቸና ድረስ መጥቶ ተከላካይ የሚያይ መልማይ ደግሞ ብዙ አይደለም።

ስለዚህ እሱ ይሄዳል። ክለቦች ለሙከራ በር የሚከፍቱት ክረምቱ ሲወጣ ነው። ታኬታውን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ዘመድ ቤት አርፎ፣ ከማያውቃቸው ልጆች ጋር በሁለት ቡድን ተከፍሎ ይጫወታል። አጥቂ በሙከራ ቀን ብቻውን ሊያበራ ይችላል። ተከላካይ ግን ከጎኑ የቆመውን ሰው ካላወቀ መስመሩ ይዛነፋል፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ዳር ላይ የቆመው አሠልጣኝ ለማጣራት ጊዜ የለውም። በአንድ ከሰዓት ተከላካይ መምረጥ ከባድ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ረዥሙ ነው።

ከተመረጠ ውሉ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ኑሮው ካምፕ ነው፤ አንድ ክፍል ለብዙ ሰው፣ የጋራ ምግብ፣ ጠዋት ልምምድ፣ ከሰዓት እንቅልፍ። የከተማ አስተዳደር ክለብ ከሆነ ገንዘቡ ከከተማው በጀት ነው፤ በጀት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ የኳስ ዓመት ደግሞ ከዚያ ጋር አይገጥምም። የበጀት ርዕሱ ካለቀ ደመወዝ ይዘገያል። ተጫዋቾች ደመወዝ አልተከፈለንም ብለው ልምምድ ያቆሙበት፣ ለፌዴሬሽኑ ክስ ያቀረቡበት ወሬ በየዓመቱ የስፖርት ገጾች ላይ ይወጣል፤ ውሳኔ ያገኙ እንኳ ገንዘቡን ለመቀበል ሌላ ውድድር ዓመት የሚጠብቁ አሉ። ከካምፑ ሲወጣ የሚቀረው መልቀቂያው ብቻ ነው። ጡረታ የለም። የድሮው ጥጥ ፋብሪካ ባክ ዕድለኛ ነበር ያልኩት ለዚህ ነው።

በ2005 ብሔራዊ ቡድኑ ተመለሰ። ሰውነት ቢሻው የሚያሠለጥኑት ቡድን ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸንፎ፣ ጥቅምት 4 አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ፣ ከሜዳ ውጪ ባገባው ጎል አለፈ። የአምስት ጎል ዕዳን የከፈለው ያ ዜሮ ነው። ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር ጥር 13 ዋለ፤ ዋንጫው ከተወሰደበት ቀን ልክ በ51 ዓመቱ። በረኛው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጣ። ዛምቢያ የአህጉሩ ሻምፒዮን ነበረች። በአሥር ሰው የተጫወተው ቡድን አንድ ጎል ገብቶበት፣ አዳነ ግርማ በ65ኛው ደቂቃ አቻ አድርጎ፣ 1 ለ 1 ወጣ። ከአርባ ምንጭ የተነሣው አምበሉ ደጉ ደበበ፣ አይናለም ኃይሉ፣ ስዩም ተስፋዬና አበባው ቡጣቆ የዚያ ቡድን ተከላካዮች ነበሩ። ቡርኪና ፋሶ ቀጥሎ 4 አገባባቸው፤ ናይጄሪያ በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አሰናበተቻቸው። ዕድሜ ልክ የሚወራው የአዳነ ጎል ነው፤ ይሁን።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የአማራ ክልል ክለቦች ከሥር መውጣት ጀመሩ። የጎንደሩ ዳሽን ቢራ በፋብሪካ ገንዘብ ፕሪሚየር ሊግ ደረሰ፣ በ2008 ወረደ። በዚያው ዓመት ከዚያው ከተማ ፋሲል ከነማ ወጣ። አብረውት የወጡት ወልዲያ፣ ጅማ አባ ቡናና አዲስ አበባ ከተማ ነበሩ፤ ሁለቱ በዓመቱ ወረዱ፣ ወልዲያም በትልቁ አዲስ ስታዲየሙ ሁለት ዓመት ብቻ ቆየ። ባሕር ዳር ከነማ በአሠልጣኝ ጳውሎስ ጌታቸው በ2010 ተከተለ። በ2011 ከፍተኛ ሊጉን ስታይ ደሴ ከተማ፣ ወልዲያ፣ ወሎ ኮምቦልቻና የባሕር ዳሩ አውስኮድ እዚያ ነበሩ። አውስኮድ የክልሉ የውሃ ሥራዎች ኮንስትራክሽን ድርጅት ቡድን ነበር። ቆፋሪ ድርጅት ኳስ ቡድን በማቋቋሙ የሚገረም ይኖራል፤ እኔ ግን ለጎጃም ተከላካይ ከሁሉም የቀረበ ደመወዝ ከፋይ እሱ ነበር እላለሁ።

ያሬድ ባዬ የዚህ ዘመን ሰው ነው። የመሃል ተከላካይ። በዳሽን ቢራ ተጫውቶ፣ ክለቡ ሲወርድ ወደ ፋሲል ተሻገረ፤ ደመወዝ ከፋዩ ቢጠፋበትም ከተማው ሌላ ክለብ ነበራትና አልተበተነም። ሞጣ ወይም ቢቸና ላይ እንዲህ ያለ ሁለተኛ በር የለም። ፋሲል ላይ አምበል ሆነ።

ነሐሴ 2011 ላይ ፌዴሬሽኑ ከፍተኛውን የተጫዋች ደመወዝ በወር 50,000 ብር ላይ ወሰነ። ክርክሩ ሁሉ ከጣሪያው በላይ ያገኙ ስለነበሩት ጥቂቶች ነበር። ስለ ወለሉ የተከራከረ የለም። የከፍተኛ ሊግ ተከላካይ ጣሪያው የት እንደሆነ ለማወቅ ቀና ማለት አያስፈልገውም ነበር።

ኅዳር 9 ቀን 2012 ባሕር ዳር ላይ ኢትዮጵያ አይቮሪ ኮስትን 2 ለ 1 አሸነፈች። ከምሥራቅ ጎጃም ለመጣ ተመልካች በአንድ ቀን መንገድ የሚደርስበት የዓለም ደረጃ ጨዋታ ነው። በመጋቢት ኮሮና መጣ። የዚያ ዓመት ውድድር ተሰረዘ፤ ሻምፒዮንም፣ ወራጅም፣ አዳጊም አልነበረም። ለላይኛው ሊግ ይህ አንድ የጠፋ ዋንጫ ነው። ለታችኛው ሊግ ግን አዳጊ የለም ማለት ለማደግ ሲባል የተፈረመ ውል ሁሉ ዋጋ አጣ ማለት ነው፤ ዕድሜው 27 የደረሰ ተከላካይ አንድ ዓመቱን የሚመልስለት የለም።

በታኅሣሥ 2013 ሊጉ ሲመለስ መልኩ ተለውጦ ነበር። ፕሪሚየር ሊጉ በአክሲዮን ማኅበር ይመራ ጀመር፣ ዲኤስቲቪ ያስተላልፈው ጀመር፣ ክለቦች በሜዳቸውና ከሜዳ ውጪ መጫወት ትተው አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ላይ ተሰባስበው ተጫወቱ። ካሜራው ተከላካይን ለመጀመሪያ ጊዜ በተደጋጋሚ ምስል አሳየ፤ ጥሩም መጥፎም። አቡበከር ናስር 29 ጎል አስቆጠረ። ሻምፒዮን የሆነው ግን የእሱ ክለብ ቡና አልነበረም፤ በሥዩም ከበደ የሚሠለጥነው፣ በያሬድ ባዬ አምበልነት የሚመራው ፋሲል ከነማ ነው። ከጎንደር የመጀመሪያው የሊግ ዋንጫ። 29 ጎል ያስቆጠረ አጥቂ ያለውን ቡድን የቀደመ ክለብ አምበሉ ተከላካይ መሆኑ ለእኔ የዚያ ዓመት ዋና ቁም ነገር ነው፤ በወቅቱ ብዙም አልተጻፈበትም።

ከሰባት ወር በኋላ ያው ሰው ያውንዴ ላይ ቆመ። ጥር 1 ቀን 2014፣ የአፍሪካ ዋንጫ፣ ከኬፕ ቨርዴ ጋር። በ12ኛው ደቂቃ ወደ ጎል ያመለጠውን ጁሊዮ ታቫሬሽን ጎትቶ አስቀረ፤ ዳኛው በቪዲዮ አይተው ቀይ አወጡ። ኢትዮጵያ በአሥር ሰው ተጫወተች፣ አጋማሹ ሊያበቃ ሲል ታቫሬሽ አገባ፣ 1 ለ 0 አለቀ። ጨዋታውን ያየ ሁሉ ያሬድን ወቀሰ። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ስህተቱ የተጀመረው ኳሱ ከኋላ መስመሩ በላይ ሲሻገር ነው፤ የመጨረሻው ሰው ሁልጊዜ የሌላውንም ሒሳብ ይከፍላል። በዚያን ጊዜ በአገር ውስጥ ሊግ ቪዲዮ ረዳት ዳኛ አልነበረም፤ እንዲህ ያለ ጉተታ በቢጫ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነበር። ቡድኑ በካሜሩን 4 ለ 1 ተሸንፎ ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ተለያይቶ ተመለሰ።

ያሬድ ወደ ባሕር ዳር ከነማ ሄደ። በ2015 በደግአረገ ይግዛው የሚመራው ክለብ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ፤ ለጎጃም ከዚህ በላይ የደረሰ ክለብ የለም። በኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የታንዛኒያውን አዛም አሰናብቶ በቱኒዚያው ክለብ አፍሪካን ወደቀ። ጨዋታዎቹን ግን በከተማው አልተጫወተም፤ የአፍሪካው ኮንፌዴሬሽን የባሕር ዳርን ስታዲየም ደረጃውን አላሟላም ብሎ ከ2014 መጀመሪያ ጀምሮ ዘግቶት ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ደግሞ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ምሥራቅ ጎጃም ግጭቱ ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ሆነ። መንገድ ሲዘጋ የወረዳ ውድድር ይቆማል፣ ዞኑ አይሰባሰብም፣ ልጁም ለሙከራ አይደርስም። በክረምቱ መውጫ ባሕር ዳር ያልደረሰ ተከላካይ የሚጠብቀው ሌላ ክረምት ነው።

በዚያው በ2015 ከከፍተኛ ሊግ ሦስት ክለቦች ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደጉ፤ ሻሸመኔ ከተማ፣ የዱራሜው ሐምበሪቾና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ። ባንኩ በ2009 ከሊጉ ወርዶ የወንዶች ቡድኑን አፍርሶ የነበረ ነው፤ በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ እንደገና አቋቋመው። ሦስቱ በአንድ መሰላል፣ በአንድ ዓመት ተጫውተው ወጡ። በ2016 ሻሸመኔና ሐምበሪቾ ወረዱ። ንግድ ባንክ ሻምፒዮን ሆነ። በማግስቱ ዓመት ዋንጫውን የወሰደው የኢትዮጵያ መድን ነው፤ እሱም ከከፍተኛ ሊግ ያደገው በ2014 ነበር። በ2015 ከፍተኛ ሊግ ላይ ጎን ለጎን ሲመክቱ ከነበሩት ተከላካዮች መካከል ባንኩ ጋር የፈረመውና ሐምበሪቾ ጋር የፈረመው የነበራቸው ልዩነት በሜዳ ላይ ትንሽ ሊሆን ይችላል። በዓመቱ አንደኛው የሻምፒዮን ሜዳሊያ ይወስድ ነበር፣ ሌላኛው ወደ ከፍተኛ ሊግ ተመልሶ አዲስ ውል ይፈልግ ነበር።